የውሃ ቧንቧ የገባባት ብስክሌት

ኤፍሬም እጁ የሚመሰገንለት ሰው ነበር። የሆሳዕናን መናኸሪያ አልፎ፣ የጃጁራው መንገድ ከከተማው ሊወጣ ሲል፣ በስተቀኝ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ብስክሌት ይጠግናል። ጊዜው ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ነው። ባጃጅ የሚባል ነገር ገና አልመጣም፤ አስተማሪውም፣ ክትባት ሰጪውም፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩም ከቻለ በብስክሌት፣ ካልቻለ በእግሩ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ኤፍሬም ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የተነፈሰ ጎማ፣ የላላ ካቴና፣ የማይዝ ፍሬን ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል።

እውነቱን ለመናገር ግን በደንብ የሚያውቀው ብስክሌት አንድ ዓይነት ብቻ ነበር፤ ጥቁሩ፣ ከባዱ፣ ጆንያ ቢጭኑበት ወይ ፍንክች የሚለው የቻይናው ብስክሌት። በዚያ ላይ በዚያን ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ ብረት የሚመዘነው በክንድ ነበር። በር ያሠራ ሰው ሊረከብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው በሩን በሁለት እጁ ብድግ ማድረግ ነው። ከከበደው "ይሄ ብረት ነው!" ብሎ ይስቃል፤ ከቀለለው ፊቱን ያጨማድዳል። ኤፍሬምም ከዚህ የተለየ አስቦ አያውቅም። ለእሱ ከባድ ማለት ጥሩ፣ ቀላል ማለት ደግሞ የተጭበረበረ ማለት ነበር። ኋላ ጉድ የሠራችው ይህቺው እምነት ናት።

አማቱ መምህር ወልደኪዳን የሚኖሩት ጃጁራ ነበር። ትውልዳቸው ዳምቦያ ነው፤ ከምባታ ናቸው፤ ነገር ግን ዕድሜያቸውን የጨረሱት የሐዲያ ልጆችን ፊደልና ሒሳብ ሲያስተምሩ ነው። በቅርቡ ጡረታ ወጥተዋል። ሰው ሁሉ "ቲቸር" ነው የሚላቸው። ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ተጣልተው ነገሩ አልፈታ ካለ "ቲቸር አይተዋል?" ተብሎ ይጠየቃል፤ እሳቸው አይተው ከሆነ ክርክሩ አበቃ። ዋሹ ሲባል የሰማ አንድም ሰው የለም።

ኤፍሬም የእኚህን ሰው ልጅ ምሕረትን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ አጎቶቿ ደንፍተው ነበር። "ነርስ የሆነች ልጅ ለጎማ ለጣፊ ልትሰጥ ነው?" አሉ፤ ያውም ሽማግሌዎቹ እየሰሙ። መምህሩ ዝም ብለው አዳመጧቸውና "በእጁ ሠርቶ የሚበላ ሰው ነው፤ እኔ ወድጄዋለሁ" ብለው ነገሩን ቋጩት። ያን ቀን ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥቶ ደጅ ሲጠብቅ የተጠራው ኤፍሬም ሊሰናበት ሲነሣ ደግሞ አጎቶቹ ፊት ብስክሌታቸውን ከግድግዳው አስነሥተው ሰጡት። "መሽቶብሃል፣ በእሷ ሂድ። ቅዳሜ ትመልስልኛለህ" አሉት። እጃቸው ከገባች ወዲህ እዚያች ብስክሌት ላይ ከእሳቸው በቀር ሰው ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ብስክሌቷ የአንድ ፈረንጅ አባ ነበረች፤ እሳቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለመምህሩ ትተውላቸው ሄዱ። ሩብ ምዕተ ዓመት ያገለገለች፣ ቀለሟ የተላላጠ፣ ቱቦዎቿ የቀጠኑ ነገር ናት። ኤፍሬም ያን ቀን ከጃጁራ ሆሳዕና ሲመጣባት የሆነውን ምንጊዜም አይረሳውም። ፔዳሏን ሲረግጥ ብረቷ ከሥሩ ለስለስ ትልና ወዲያው መልሳ ወደፊት ትገፋዋለች። የኮረቱ ንዝረት ከጎማው ይነሣል፣ እጁ ዘንድ ሳይደርስ ይጠፋል። ሰጋር በቅሎ ላይ የተቀመጠ ያህል ነበር። ዳገቱን እንዴት እንደወጣው ራሱም አላወቀም። ኤፍሬም ታዲያ ይህን ሁሉ የብስክሌቷ ነው አላለም፤ የፍቅር ነው አለ። ልጅቷ ተሰጥታኛለች፣ ደስ ብሎኛል፣ ለዚህ ነው የቀለለኝ ብሎ እያፏጨ ገባ።

ከተጋቡ በኋላ መምህሩ ቅዳሜ ቅዳሜ በብስክሌታቸው ሆሳዕና ይመጣሉ፤ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ያያሉ፣ አድረው የእሁዱን ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፣ ከሰዓት ይመለሳሉ። አንድ ቅዳሜ ብስክሌቷን በእጃቸው እየነዱ ሱቁ በር ላይ ቆሙ። "ኤፍሬም፣ እሷ ታመመችብኝ" አሉ። ከመሪው በታች፣ ቱቦው ከአንገቷ ጋር የሚገናኝበት ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበር።

"እንደ ነበረች ብትሆንልኝ ይበቃኛል" አሉት።

"እሺ ጋሼ" አለ ኤፍሬም። አማት ፊት ደግሞ ከዚህ በላይ ንግግር የለም። ሌላ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ይጠይቀው ነበር፤ ስትነዳት እንዴት ናት፣ ምኗን ትወድላታለህ፣ ምን እንዳይነካብህ ትፈልጋለህ ይለው ነበር። አማቱን እንዲህ ብሎ መጠየቅ መድፈር መሰለው። አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። በልቡ ግን እንደ ነበረች ማድረግ አልበቃው አለ። ጎማ ለጣፊ የተባለውን ነገር አልረሳውም። ከነበረችው የተሻለች አደርጋታለሁ፣ እኚህ ሰው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሁለተኛ የማይሰበር ብስክሌት ይኖራቸዋል ብሎ ወሰነ።

ስንጥቁን ሊያስበይድ ጎረቤቱ ፈትሁዲን ዘንድ ወሰዳት። ፈትሁዲን አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚያው ሆሳዕና የወለዱት፣ በርና መስኮት የሚሠራ፣ አፉ የማያርፍ በያጅ ነው። ኤሌክትሮዱን ገና ሲያስነካው ቱቦው ተበሳ። ሊሞላው ሲሞክር ቀዳዳው ሰፋ። ፈትሁዲን መነጽሩን ገፍቶ እያየ "ወላሂ፣ ይሄ ብረት አይደለም! የሳርዲን ቆርቆሮ ነው!" አለ።

ቱቦውን በመጋዝ ቆርጠው ውስጡን አዩት። ጫፍና ጫፉ ወፈር ያለ ነው፤ መሀሉ ግን ስስ፣ በጣም ስስ ነበር። ሁለቱም ተያዩ።

"አየህ ተንኮላቸውን?" አለ ፈትሁዲን። "የሚታየውን ጫፍ አወፍረው የማይታየውን መሀሉን አሳስተውታል። እኛ ገበያ ላይ ከላይ ደህናውን በርበሬ፣ ከሥር ገለባውን እንደሚያደርጉት መሆኑ ነው።"

ኤፍሬም ተናደደ። እኚህ የተከበሩ ሰው ይህን ሁሉ ዘመን በቆርቆሮ ላይ ተቀምጠው ኖረዋል! የዋህነታቸው አሳዘነው። ያን ቀን ሁለቱን ትልልቅ ቱቦዎች ቆርጠው ጣሉና በምትካቸው ወፍራም የውሃ ቧንቧ አስገቡ። የድሮው መጋጠሚያ የተያያዘበትን ነሐስ ሞርደው አንሥተው በኤሌክትሮድ ድፍን አድርገው በየዱት። ይህም አልበቃ ብሏቸው አንገቷ ሥር በፌሮ ብረት ደገፏት። ሲጨርሱ ኤፍሬም ብድግ አደረጋት። ክንዱ ወደ ታች ተሳበ። "ይሄ ብረት ነው!" አለና ሳቀ። ቀለሟን ራሱ ቀባት፤ ደማቅ አረንጓዴ።

መምህሩ ሊወስዷት ሲመጡ ሲያነሧት ትንሽ ቆም አሉ። ከዚያ ወጡባትና እስከ መናኸሪያው በር ሄደው ተመለሱ። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ኤፍሬም እጁን አጣምሮ ይጠብቃል።

"እጅህ ይባረክ፣ ልጄ" አሉት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ አጠገብ ሲደርሱ ሳይወርዱ እጃቸውን ያነሣሉ። "እንደ ንፋስ ናት!" ይላሉ ጮክ ብለው። ሰው ይሰማል። ቲቸር የመሰከሩለት ነገር መቼም ሌላ ማስረጃ አይፈልግም፤ የመናኸሪያው ተሸካሚ፣ ትኬት ቆራጩ፣ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሁሉ የኤፍሬምን እጅ ማውራት ጀመረ። በመስቀል ሰሞን የምሕረት አጎቶች ሳይቀሩ "ለአማትህ ጉልበተኛ ብረት አስገባህላቸው አሉ" ብለው ትከሻውን መቱት። ኤፍሬም ያን ዓመት አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሄደው።

እንዲህ እያለ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጃጁራ ማዶ ለቅሶ ደርሶ በጭነት አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሲመለስ፣ ሜዳው ላይ፣ ምንም ዳገት በሌለበት፣ አንድ ሰው ብስክሌት እየገፋ ሲሄድ አየ። አረንጓዴዋን ከሩቅ ነው ያወቃት። መምህሩ ኮታቸውን አውልቀው ኮርቻዋ ላይ አድርገዋል፤ ወገባቸው ጎብጧል፤ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ልክ እንቢ ያለች ላም እንደሚነዳ ሰው ይገፋሉ። ኤፍሬም ጎማ ተንፍሶባቸው ነው ብሎ የጋቢናውን ጣሪያ ሊመታ እጁን አነሣ። መኪናው ሲያልፋቸው ግን ቁልቁል አየ፤ የሁለቱም ጎማዎች አየር ሙሉ ነው። እጁ እንደተነሣ ቀረ። አቧራው ሸፈናቸው፤ እሳቸው ቀና ብለው እንኳን አላዩም።

ከተማው መግቢያ ላይ ወረደና ጠበቃቸው። ሮጦ ሊያግዛቸው አስቦ ነበር። ሲመጡ ግን፣ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ሊታዩ ሲሉ፣ መምህሩ ቆሙ። መሐረብ አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ። ጫማቸውን በሣር አራገፉ። ኮታቸውን ለበሱ፣ የሱሪያቸውን ጫፍ አጠፉ። ወዲህና ወዲያ ተመለከቱ፣ ሰው አለመኖሩን አዩና ብስክሌቷ ላይ ወጡ።

ኤፍሬም ምን ያድርግ? ተደበቀ። የሰው አጥር ሥር እንደ ሌባ ቁጢጥ አለ። እሳቸው ጥርሳቸውን ነክሰው እየረገጡ ካለፉ በኋላ በጓሮ በኩል ሮጦ ሱቁ ቀድሞ ደረሰና መፍቻ ያዘ። ደረሱ። እጃቸውን አነሡ። "እንደ ንፋስ ናት!" አሉ። ኤፍሬምም "እንኳን ደህና መጡ ጋሼ!" ብሎ ሳቀ፤ ያ ሳቅ ፊቱ ላይ እንዴት እንደወጣ አያውቀውም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ያን ዕለት ማታ እራት ላይ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። ምሕረት የአባቷን ጉልበት በቅባት እያሸች "አባባ፣ ይሄ የእጅ አንጓዎ ደግሞ ለምን አበጠ? ጣቶችዎም ይደነዝዛሉ ብለውኛል" አለቻቸው።

"እርጅና ነው፣ ልጄ። ሌላ ምን ይሆናል?" አሉ መምህሩ፤ እያሉም በጨረፍታ ወደ ኤፍሬም ተመለከቱ፣ ሰምቶ እንደሆነ ለማየት። ሰውየው ታመው ሳለ የሚጠነቀቁት ለእሱ ነበር።

በማግስቱ መምህሩ ከቅዳሴ መልስ ምሳ በልተው ጋደም ሲሉ ኤፍሬም "ፍሬኗን ልየው" ብሎ ብስክሌቷን አወጣትና በጃጁራው መንገድ ነዳት። ከሠራት በኋላ ይህን ያህል መንገድ ሲነዳት የመጀመሪያው ነው። ይህን ልብ ሲል ራሱ ሌላ ሐፍረት መጣበት፤ ለደንበኛ የሠራውን ብስክሌት ሁሉ እየሞከረ የሚሰጥ ሰው የአማቱን ግን ደፍሮ ሳይሞክር አስረክቧል። ፔዳሏን ረገጠ። ምንም አልመለሰችለትም። ጉልበቱ ገብቶ እዚያው ይሞታል። እያንዳንዱ ኮረት በመሪው በኩል መጥቶ አንጓውን ይመታዋል፣ በኮርቻው በኩል ወጥቶ አከርካሪውን ይነቀንቀዋል። ትንሽ ሄዶ ጣቶቹ መደንዘዝ ጀመሩ። ኤፍሬም ጎልማሳ ነው፣ እግሩ ብርቱ ነው፤ እንዲያም ሆኖ መልስ ላይ አንዲት ትንሽ ዳገት ስትገጥመው ወረደ። ያኔ ገባው። ያን የሽማግሌ ቀን መንገዱን ያቀለለለት ደስታው አልነበረም። ብረቷ ነበረች።

ቀጥ ብሎ ፈትሁዲን ዘንድ ሄደና ከውድቅዳቂው ክምር ውስጥ የቆረጧቸውን የአሮጌ ቱቦ ቁራጮች ፈለገ። አንዱን ብቻ አገኘ፤ የቀረውን ፈትሁዲን ለበር መወርወሪያ አድርጎ ጨርሶታል። ቁራጩን ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አጥብቆ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ጎበጥ አለና ሲለቀው ቀጥ ብሎ ተመለሰ። ደግሞ ተጫነው፤ ደግሞ ተመለሰ። በቦታው የውሃ ቧንቧ አሰረና ተጫነው። ቧንቧው እንቢ አለ፣ እንቢ አለ፣ ከዚያ ጎበጠ፤ እንደ ጎበጠም ቀረ።

ፈትሁዲን መጀመሪያ እየሳቀ ነበር የሚያየው። ኋላ ሳቁን ተወ።

"ስስ ያደረጉት ሊያታልሉ አይደለም" አለ ኤፍሬም። "ብረቱ ጥሩ ስለሆነ ነው። መሀሉ እንዲለሰልስ፣ ጫፉ ብየዳውን እንዲችል። አስበውበት ነው፣ ፈትሁዲን! እኛ ደግሞ ቆርጠን ውሃ የሚያልፍበት ነገር ከተትንባት። ጋሼ እየገፏት ነው የሚመጡት፤ ትናንት በዓይኔ አየሁ።"

"መልሰን ብንገጥመውስ?"

"በምን? አንዱን ቁራጭ ይዘን?"

ፈትሁዲን ቁራጩን በጥፍሩ መታው። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣና ብዙ ቆየ። ቧንቧውንም መታው፤ ድም ብሎ ቀረ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "እንግዲህ ዝም በል" አለው። "ሽማግሌው ራሳቸው ዝም ብለዋል አይደል? አንተ ምን ቤት ነህ የምታነሣው? አየሁዎት ብትላቸው እኮ ታሳፍራቸዋለህ።"

እውነቱን ነበር። ነገሩን ያከበደው ይኸው ነው። ኤፍሬም "አበላሽቼብዎታለሁ" ቢል "ሲገፉ አይቻለሁ" ማለቱ ነው፤ ሲገፉ አይቻለሁ ማለት ደግሞ "እንደ ንፋስ ናት ያሉት ውሸት ነው" ማለት ነው። ለማን? ለቲቸር ወልደኪዳን! ሳምንቱን ሙሉ ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ከረመ። ሰው "የቲቸርን ብስክሌት የሠራኸው አንተ ነህ አይደል?" ባለው ቁጥር ጆሮው ድረስ ይግል ነበር። ለምሕረትም አልነገራትም። እንዴት ብሎ? የአባትሽን ጉልበት የጨረስኩት እኔ ነኝ ይበላት?

በመጨረሻ ለብቻቸው፣ መንገድ ላይ፣ ሰው ሳይሰማ ለመናገር ቆረጠ። ቅዳሜ ሱቁን ዘግቶ በእግሩ ወጣና ከከተማው ወዲያ ካለው ዳገት አናት ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። የሚለውን አዘጋጅቷል፤ ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይማሩኝ፣ ከእንግዲህ አይድከሙ ሊል ነው።

መምህሩ ከሥር ብቅ አሉ። እንደዚያን ቀኑ ጎብጠው ይገፋሉ። መሀል ላይ ሲደርሱ ቀና አሉና አናቱ ላይ የቆመውን አማቻቸውን አዩት። ኤፍሬም እጁን አነሣ። እዚያው ባሉበት ቆመው ይጠብቁኛል ብሎ ነበር። ቁልቁል መሄድ ጀመረ።

እሳቸው ግን ቸኮሉ። ኮታቸውን ከኮርቻው ላይ አንሥተው በክንዳቸው ያዙ፣ አንድ እግራቸውን አሻገሩና ወጡባት። ዳገቱ መሀል ላይ! ብስክሌቷ ወዲህና ወዲያ ተንገዳገደች። መምህሩ ቆመው መርገጥ ጀመሩ፤ በሙሉ ክብደታቸው፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ ፊታቸው ጠቁሮ፣ የአንገታቸው ሥር ተገትሮ። ኤፍሬም "ይተዉት! ጋሼ ይተዉት!" ሊል አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። እሳቸውም አልተዉትም። አጠገቡ ሲደርሱ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ፈገግ አሉለት።

"ምነው ልጄ... ልትቀበለኝ ወጣህ?" አሉ። "አየሃት አይደል? ዳገቱንም... ዳገቱንም ትወጣዋለች።"

የተዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። እነዚያን ዓይኖች እያየ፣ ያን ላብ እያየ፣ ይህን ያህል የተደከመለትን ነገር እንዴት ያፍርሰው? "በርቱ ጋሼ" አለ። "በርቱ" ብቻ። ፈሪ ነበር፤ መፍራቱንም እዚያው ቆሞ ያውቀው ነበር። ከዚያ አጠገባቸው እየተራመደ፣ እሳቸው ቀስ ብለው እየረገጡ፣ ሁለቱም ስለ ዝናቡ እያወሩ ከተማ ገቡ።

ሱቁ በር ላይ ሰው ይጠብቃል። ገብረወልድ የሚባል የእህል ነጋዴ ነው፤ ልጅ ሆኖ ጃጁራ እኚሁ መምህር ዘንድ ተምሯል። ያመጣው ብስክሌት አሮጌ ነው፣ ዝገቱ ወጥቷል፣ ግን ቱቦው ቀጭን ነው። የሻይ ቤቱም ሰው ወንበሩን አዙሮ ያያል፤ ቅዳሜ ስለሆነ መንገዱ ሞልቷል።

ገብረወልድ መምህሩን ሲያይ ወገቡን ሰብሮ ሰላምታ ሰጠ። "ቲቸር፣ እግዜር ነው ያመጣዎት! ይቺን ከዳምቦያ ገዝቼ ሳበቃ ስትቀለኝ ደነገጥኩ። ኤፍሬም የእርስዎን እንዳደረገልዎት በቧንቧ ያጠንክርልኝ ብዬ መጣሁ። እውነት ተሻሻለች? እርስዎ ካሉኝ ዛሬውኑ ላስቆርጣት።"

መምህሩ ብስክሌታቸው ላይ እንዳሉ፣ አንድ እግራቸውን መሬት አስደግፈው፣ ትንፋሻቸው ገና ሳይመለስ፣ ኤፍሬምን ተመለከቱት። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ "እጁ የተባረከ ነው" አሉ። "የእኔን እንደ ንፋስ አድርጎልኛል።"

"በቃ!" አለ ገብረወልድ። "ቁረጣት!"

ኤፍሬም ብስክሌቷን ያዛት። በአንድ እጁ ተነሣችለት። በጥፍሩ መታት፤ ያው ድምፅ፣ ያው ጥርት ያለው ድምፅ ወጣና ቆየ። መጋዙ ከጎኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እጁን ወደ መጋዙ ዘረጋ፣ መልሶ አወረደው። አንዷን ገድሏል፤ ሁለተኛ አይገድልም። ከዚህ በላይ ምንም አላሰበም፤ ቢያስብ ኖሮ ገብረወልድን ወደ ውስጥ ጠርቶ ለብቻው በነገረው ነበር።

"አልቆርጣትም" አለ። "ይሄ ብረት ከእኛ ቧንቧ ይበልጣል። አለማወቄ ነው። የጋሼንም አበላሽቼባቸዋለሁ። እንኳን እንደ ንፋስ ልትሆን እየገፏት ነው የሚመጡት፤ በዓይኔ አይቻለሁ።"

ከአፉ ሲወጣ ነው የሰማው። ገብረወልድ መጀመሪያ ኤፍሬምን አየ፣ ከዚያ ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ መምህሩ ዞረ። የሻይ ቤቱም ሰው ዞረ። ሰው ሁሉ የሚያየው ያንን በሕይወቱ ዋሸ ተብሎ የማያውቅ ሽማግሌ ነበር።

መምህር ወልደኪዳን ከብስክሌቷ ወረዱ። ለመውረድ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ። ጆሯቸው ድረስ ቀልተዋል።

"እሱ ያለው ልክ ነው፣ ገብረወልድ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አታስቆርጣት። እኔ ነኝ የዋሸሁህ።"

ገብረወልድ "ኧረ ቲቸር፣ ምን ነክቶዎት!" ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ኤፍሬም ዳገቱ ላይ፣ ሁለቱ ብቻ በነበሩበት፣ አንዲት ቃል ተንፍሶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ እንደማይሆን ያኔ ገባው። እዚያ ፈራ፤ እዚህ በሰው መሀል ደፈረ። የእሱ ሐፍረት እንዲወርድለት ብሎ የተናገረ መሰለው፤ እውነትም ከእሱ ላይ ወርዶ ነበር፣ ግን የወረደው እሳቸው ላይ ነው። እየሮጠ ሄዶ መሪውን ያዘ። "ልግፋልዎ ጋሼ" አለ።

"ተወኝ፣ ልጄ" አሉት። ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለው ነበር። እጁን ከመሪው ላይ ቀስ አድርገው አነሡና ብስክሌቷን እየገፉ ወደ ምሕረት ቤት አመሩ። መንገዱ በመናኸሪያው መሀል ነው።

ኤፍሬም አልተከተላቸውም። ሱቁ በር ላይ ቆሞ ያያል። ተሸካሚዎቹ ቲቸርን ብስክሌት ሲገፉ አይተዋቸው ስለማያውቁ ደነገጡ። አንዱ ጭነቱን አውርዶ "ቲቸር፣ ጎማው ተነፈሰብዎት እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

መምህሩ ቆሙ። አዎ ቢሉት ያልፍ ነበር።

"የለም" አሉ። "ከብዳኝ ነው።"

ጥቂት እንደሄዱ ትኬት ቆራጩ ያንኑ ጠየቃቸው። እሳቸውም ቆሙና ያንኑ መለሱለት።